የአባቴ ቡናማ መቃኖች

በዘንድሮው ሁዳዴ ከአንድ ሰውና ከአራት በሮች ጋር ተጣልቼ ከረምኩ። ሰውየው አባቴ ካሳሁን ነው፤ በሮቹም የእሱ ናቸው። ከአባቴ ጋር መጣላት አዲስ ነገር አይደለም። እሱ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እኔ አርባ ልሞላ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ካልተጣላን ምን እናወራለን? ከበር ጋር ስጣላ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ቤታችን አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ነው። የጭቃ ቤት ነው፤ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ጓዳ አለው። አባቴ ራሱ ነው ያሠራው። ግድግዳው ነጣ ያለ ክሬም ነው። የቀረው ሁሉ፣ በሮቹና መቃኖቻቸው፣ የመስኮቶቹ ክፈፍ፣ ከግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄደው ዞኮሎ ሳይቀር፣ ቡናማ ነው። ቡናማ ያልኩት ለይሉኝታ ነው፤ ያረረ ድስት ቂጥ ነው የሚመስለው። ልጅ ሆኜ ጓደኞቼን ቤት የማላመጣው በእሱ ምክንያት ነበር ብል አጋንኜ ይሆናል፣ ግን ብዙ አላጋነንኩም።

ሥራዬ ቂሊንጦ ነው፤ የመድኃኒት ካርቶን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት እቆጣጠራለሁ። ነጭ ካርቶን በፊቴ ያልፋል፤ ነጥብ ያለበትን፣ ቀለም የተረጨበትን፣ ጠርዙ የተጨማደደውን እየለቀምኩ አወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ነው የሠራሁት። የፈረቃው አለቃ «ሥርጉት ዓይኗ ዝንብ አያሳልፍም» ይላል። ይህን ሲል ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩን የጀመረው ወንድሜ ፍቅሩ ነው። ታላቄ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይኖራል። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሊጠይቀን መጣና የአባቴን የእግር አገዳ ቁስል አየ። በዚያው ሳምንት ከወንበር ጋር ተጋጭቶ ነው። ሻይ ስናቀርብለትም ብርጭቆውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ደፋው።

«ይሄ ቤት ጨለማ ነው» አለ ፍቅሩ ዙሪያውን እያየ። «ሽማግሌ የሚሰበረው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ወድቆ ነው። ለፋሲካ መጥቼ እወስደዋለሁ። እኛ ጋ ሁሉም ነገር ብርሃን ነው።»

አባቴ እንዳልሰማ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ጆሮው ደህና ነው፤ የማይሰማው መስማት ያልፈለገውን ነው።

እኔ ነደደኝ። አባቴን አራተኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ሠፈር አርባ ስምንት ዓመት ኖሯል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ከዚያ ከሊል ሱቅ ደጅ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የዕድር ጓደኞቹ ሲያልፉ ይጠራቸዋል፣ ይሰድባቸዋል፣ ይሰድቡታል። እዚያ ፎቅ ላይ ማን ያልፋል? ፍቅሩና ሚስቱ ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል ብቻውን ተቀምጦ ሊውል ነው። ዓመት አይቆይም፣ እንቀብረዋለን።

«ቤቱ ጨለማ ከሆነ አበራዋለሁ» አልኩ። «በሮቹን በሙሉ ነጭ እቀባቸዋለሁ። ከዚያስ ምን ልትል ነው?»

ፍቅሩ ሳቀ። «እሺ። ፋሲካ ዕለት መጥቼ አያለሁ። ቤቱ ከበራ፣ እሱም ሳይደናቀፍ ከተንቀሳቀሰ ይቆይ። ካልሆነ ግን ከእኔ ጋር ይሄዳል። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩት። አባቴን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ፍቅሩ እንደወጣ አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋ። «ኮርኒሱን ቀቢ» አለኝ። «ግድግዳውንም ካሰኘሽ እንደገና ቀቢው። በሮቹን ግን ተያቸው።»

«ቤቱን ያጨለሙት እኮ እነሱ ናቸው አባዬ።»

«ተያቸው አልኩሽ።»

«ለምን?»

ትንሽ አሰበ። «እንጨቱ ዘይት ጠጥቷል። አይይዝልሽም» አለ።

ይህ እውነት ነበር። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ሠርቷል። ሾፌር አልነበረም፣ ትኬትም አልቆረጠም፤ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ጠዋት መዶሻውንና ረጅሙን መፍቻ ይዞ ሐዲዱን ይከተላል፤ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ የተሰነጠቀ ካገኘ ተመልሶ ይናገራል። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «መሥመር እከተላለሁ» ነበር መልሱ። ያን ሁሉ ዓመት ሐዲዱን ሲጠብቅ ኖሮ ድሬዳዋን የሚያውቃት በወሬ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ቤት ያመጣው ነገር ቢኖር የተቃጠለ ዘይት ነው። ሞተር ሲታጠብ የሚደፋውን ጥቁሩን ዘይት በጀሪካን ያመጣና በየዓመቱ ጳጉሜ ሲገባ በሮቹንና መቃኖቹን ያጠጣቸዋል። ለምስጥ ነው። የጎረቤቶቻችን መቃን ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ሲረግፍ የእኛን ምስጥ ቀርቦት አያውቅም። በዘይቱ ላይ ቡናማ ቀለም ይደርብበታል፤ መስከረም ሙሉ ልብሳችን ላይ ይታተም ነበር። እናቴ ወርቅነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ያገባሁት ካሳሁንን ነው ወይስ ባቡሩን?» ትል ነበር።

ጡረታ ከወጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዘይቱ ያኔውኑ ቀርቷል፤ ቡናማው ግን ቀጥሏል። እንዲያውም ባለፈው ጳጉሜ ብሶበት ሁለት እጅ ደረበበት፤ ከግድግዳው ግርጌ ያለውን ዞኮሎም በአንድ ስንዝር ወደ ላይ አሳደገው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ያምራል» አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ቀለም ልገዛ ከሊል ሱቅ ሄድኩ። ከሊል የስልጤ ልጅ ነው፤ ሚስማር፣ ቧንቧ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም ይሸጣል። ሱቁን ከአባቱ ነው የተረከበው፤ አባቴ የሚቀመጥባትንም አግዳሚ አብሮ ተረክቧል። ነጭ ቀለም ስለው ወደ መደርደሪያው ያነሳውን እጁን መልሶ አወረደ።

«ለምኑ ነው?»

«ለበሮቹ። ለመስኮቶቹና ለዞኮሎውም።»

«ጋሽ ካሳሁን ያውቃሉ?»

«እዚያው ቤት ውስጥ እየኖረ እንዴት አያውቅም?»

«ፈቅደዋል ወይ ለማለት ነው።» አንገቱን አከከ። «ኮርኒሱን ብትቀቢው እኮ ቤት በጣም ያበራል፣ ሥርጉት። በሮቹ ይቅሩ።»

ነጋዴ ዕቃዬን አትግዢኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደመከረው ገባኝ፤ ሁለቱ አሲረውብኛል። «ትሸጥልኛለህ ወይስ ሳሪስ ልሂድ?» አልኩት። ሸጠልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። በሮቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩና ፕላስቲክ ቀለሙን ለቀለቅኩባቸው። በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም ብዬ ነው። ዞኮሎውን ለመጨረሻ ተውኩት። እስከ ምሳ ሰዓት አራቱም በሮች፣ መስኮቶቹም ነጡ። ዘፈን ሁሉ ሳይቃጣኝ አልቀረም፣ ጾም ሆነ እንጂ።

አባቴ ቀኑን ሙሉ ከሊል ጋ ዋለ። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆመ። እጁን ወደፊት ዘርጋ አደረገና «እርጥብ ነው?» አለ።

«እርጥብ ነው፤ እንዳትነካው።»

እዚያው ቆሞ ቀረ። ሄጄ ክንዱን ይዤ አስገባሁት። ልፋቴን እንዳያበላሽብኝ የተጠነቀቀ መስሎኝ አመሰገንኩት።

ሲነጋ ተነስቼ አየሁት። በነጩ ቀለም ላይ ሻይ የተደፋበት ይመስል ቡናማው ዥንጉርጉር ሆኖ ወጥቷል። መቃኖቹ ላይማ ከታች እስከ ላይ ላብ በላብ ሆኗል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው። አባቴ ከመኝታ ቤቱ ወጣ፤ ቀጥ ብሎ ሳሎኑን አቋርጦ፣ አንድም ነገር ሳይነካ፣ የውጭውን በር ከፈተ። ፊቱ ፈክቷል።

«አልያዘም፣ አይደል?» አለ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ጠዋት ጠልቼው አላውቅም። የገዛ ልጁ ስትወድቅ ደስ የሚለው አባት ሰጠኝ ብዬ እግዚአብሔርን አማረርኩ።

ለከሊል ብነግረው «አልሸሹም ዞር አሉ» ብሎ ሳቀ። ሳቁን እንዳልመለስኩለት ሲያይ ብርጭቆ ወረቀትና የዘይት ቀለም አወረደልኝ።

ሁለተኛውን ዙር የሠራሁት ከፈረቃ መልስ፣ በባዶ ሆዴ ነው። የቀባሁትን ፋቅኩ፤ ከሥሩ ያለውን ቡናማ ፋቅኩ፤ በቤንዚን አጠብኩት። ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ጥቁር ዱቄት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ምጣድ የለ ምሰሶ የለ ሁሉ ላይ ተነሰነሰ። ክርኔ አልታጠፍ አለኝ። በዚያው ሰሞን አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ሲያደርግ ደረስኩበት።

«ምንድን ነው?»

«አቧራሽ ነው» አለኝና ትንሿን ብልቃጥ ኪሱ ከተታት።

አዘንኩለት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ለማን ብዬ ነው የምለፋው?

የዘይት ቀለሙን ቀባሁ። አልደርቅ አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን፤ ዝንብ ሲያርፍበት ይቀራል። የአባቴ ጋቢ ተጣብቆበት ክሩ ተመዘዘ። በስድስተኛው ቀን እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቡናማው ተመልሶ መጣ። ፋብሪካም መዘዙ ተከተለኝ። የፈረቃው አለቃ አንድ ካርቶን ይዞ መጣና ጠርዙ ላይ ያለችውን ቡናማ የጣት አሻራ አሳየኝ። ከዚያ ጣቴን አየ። ካርቶኑን ፊቴ አስቀምጦ ሄደ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆሻሻ ስለቅም ኖሬ ራሴ ቆሻሻ ሆንኩ።

በዚያ ቀን ከሰርቪስ እንደወረድኩ ከሊል ሱቅ ገብቼ አለቀስኩ። ላለቅስ አልነበረም የገባሁት፤ ብርጭቆ ወረቀት አልቆብኝ ነው። «ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀረው» አልኩት። «በሩ ካልነጣ ፍቅሩ አባዬን ይወስደዋል። ይህን አታውቅም?»

ከሊል ደነገጠ። «ይወስደዋል ማለት?»

የተስማማነውን ነገርኩት። አባቴ ይህን ክፍል እንዳልነገረው ከፊቱ ተረዳሁ። አግዳሚዋን በበሩ በኩል አሻግሮ አየ፤ ባዶ ነበረች። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ነገር በላስቲክ አወጣ።

«ጎማላካ ነው። አናጺዎች ዕቃ የሚያሳምሩበት። በአልኮል አሟሚው፣ ሁለት እጅ ቀቢበት፤ ዘይቱን አፍኖ ይይዘዋል። ከዚያ በላዩ ላይ ነጩን።» ሲሰጠኝ ፊቱ ሰው የረዳ ሰው ፊት አልነበረም። «አላህ ነው የሚያውቀው» አለ ቀስ ብሎ። ነጋዴ ምስጢሩን ለማውጣት የሰሰተ መሰለኝ።

ያዘ። ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ሁሉም ነጣ። ዞኮሎውንም ጨረስኩ፤ እሱ ዘይት ስላልጠጣ አልተከራከረኝም። ሳሎኑ መሐል ቆሜ ዞርኩ። ግድግዳው ክሬም፣ በሩ ነጭ፣ መስኮቱ ነጭ፤ ነጥብ የለም፣ ላብ የለም። ቤቱ በእውነት በራ። እናቴ ብታየው ብዬ ሁሉ ተመኘሁ።

አባቴ ግን ባሰበት። ከመኝታ ቤቱ እኔ ሥራ እስክሄድ አይወጣም። ከወጣም ዝግ ብሎ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ እየጎተተ ነው የሚሄደው። ከሥራ ስመለስ ገና ቀለሙ ባልጠነከረው መቃን ላይ የጣቶቹ አሻራ ተደርድሮ አገኛለሁ። አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ሳጠፋ ሌላው ከአጠገቡ ይወጣል።

«አባዬ፣ እጅህን ከግድግዳው ላይ አንሳ» አልኩት በሆሳዕና ማግስት።

«እሺ» አለ።

«ስንቴ ነው የምነግርህ? ለማን ብዬ እንደለፋሁ አታውቅም? ፍቅሩ መጥቶ ይህን ቢያይ ምን ይላል?»

«እሺ፣ ልጄ።»

እጁን ከግድግዳው ላይ አንስቶ እዚያው ቆመ። እኔ ጨርቄን ይዤ አሻራውን ወደማጥፋት ሄድኩ። ስጨርስ ዞር ብል ካቆምኩት ቦታ አልተነቃነቀም ነበር። አኩርፎ ነው አልኩ።

ፋሲካ ዕለት ፍቅሩ ሚስቱንና ልጁን ሚራክልን ይዞ መጣ። ገና ከደጃፉ አፏጨ። ሳሎኑን ዞሮ አየ፣ በሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ሥርጉት፣ እጄን ሰጥቻለሁ» አለኝ። እኔ ሰባት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ይህችን ቃል ነው። ወደ አባቴ አየሁ፤ ወንበሩ ላይ ነጭ በነጭ ለብሶ ተቀምጧል፤ ጠዋት እጁን ይዤ ነው ያስቀመጥኩት። ምሳ ከበላን በኋላ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ስለመጣ በሩን ዘጋሁት። መስኮቱን ለአየር ከፍቼ ተውኩት።

ከሊል እንኳን አደረሳችሁ ሊለን መጣ። ገና ግቢው ውስጥ እያለ ነው በተከፈተው መስኮት ድምፁ የገባው። «ጋሽ ካሳሁን! እንደምን ዋሉ!»

አባቴ ደስ ብሎት ተነሳ። ለከሊል ሁልጊዜ በሩን ራሱ ነው የሚከፍትለት። ፍቅሩ እንዲያየው ይሁን አላውቅም፣ ቀጥ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ፤ የሄደው ግን ወደ መስኮቱ ነው። ጉልበቱ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። የመስኮቱን ክፈፍ ያዘ፤ ወደ ታች ዳሰሰ፣ እጀታ ፈለገ፤ ግድግዳ አገኘ። ወደ ቀኝ ዳሰሰ፣ ግድግዳ። ወደ ግራ ዳሰሰ፣ ግድግዳ። በሩ ከእሱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር፣ ነጭ ሆኖ።

ሁላችንም እናየዋለን። ጀርባውን ሰጥቶን እንደቆመ እጁን ከግድግዳው ላይ ቶሎ አነሳው፤ የነገርኩት ትዝ ብሎት ነው።

«በሩን የት አደረጋችሁት?» አለ።

በሩን ከሊል ራሱ ከፍቶ ገባ። አባቴን መስኮቱ ሥር ሲያየው ነገሩ ገባው፤ ጫማውን እያየ ቆመ። «አስምለውኝ ነው፣ ሥርጉት» አለኝ። «ሁለት ዓመት ሆኗል። ዓይን ሐኪም ጋ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ጠብቁት ነው የተባለው።»

አባቴ ወንበሩ ላይ ስናስቀምጠው አልተቆጣም። የሥራውን ነገር የሚያስረዳ ይመስል ረጋ ብሎ ተናገረ። «ነጭ ላይ ያለ ጥቁር ይታየኛል። ሌላው ጉም ነው። ዞኮሎውን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ ጥቁሩ ወደ ላይ ሲነሳ በር ደረስኩ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መሥመር ነው የተከተልኩት፤ ይሄም ያው ነው።»

«ለምን አልነገርከንም?» አለ ፍቅሩ።

«ብነግራችሁ በነጋታው ነበራ የምትወስደኝ።» ይህን ሲል ፊቱን ወደ ፍቅሩ አዞረ፤ ፍቅሩ ግን ካየበት ትንሽ ወደ ግራ ነበር የተቀመጠው።

ፍቅሩ ዓይኑን ጠረገና እንደ ታላቅ ልጅ ሊቆጣ ሞከረ። «እንግዲያማ ጭራሽ እዚህ አይቀመጥም። ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እናንተ ቤት በሩ ምን ዓይነት ነው?» አለ አባቴ።

ፍቅሩ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም መሬት መሬቱን አየች።

«ሁሉም ነጭ ነው አባባ» አለች ሚራክል። «ግድግዳውም፣ በሩም፣ ቁም ሣጥኑም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ኮዬ ፈጬ ያነሳ ሰው የለም። ፍቅሩ ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፤ ጥቁር ኮቱን አውልቆ በውጭው በር እጀታ ላይ ሰቀለው። አባቴ አንገቱን ወደዚያ ዘንበል አደረገ። «ይኸው» አለ። ተነስቶ ሄደና ኮቱን ያዘ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። ዝንብ አያሳልፍም የተባለው ዓይኔ የጣት አሻራውን እየለቀመ ጣቶቹን አላየም። ያ ጠዋት ደስ ያለው ቡናማው ተመልሶ ስለመጣለት ነው፤ እኔ የሳቀብኝ መስሎኝ ረገምኩት። እጅህን አንሳ ስለው የሚያነሳው፣ ከዚያ መንቀሳቀስ የማይችለው፣ እሺ ልጄ የሚለው በዓሉን ሙሉ ትዝ ሲለኝ ዋለ። በእሱም ተናድጄ ነበር፤ አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት? በከሊል መሐላ፣ በፍቅሩ ፎቅ፣ በጎማላካው ሳይቀር ተናደድኩ። ሰው በራሱ ሲናደድ ለሁሉም ይበቃል።

ማክሰኞ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ከሊል ሱቅ ሄድኩ። ምን ፈለግሽ አላለኝም። ቡናማውን ቆርቆሮ ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ አስቀመጠልኝ፤ ክዳኑ ላይ አቧራ ነበረበት። «ነጩን ስትወስጂ ነው ያስቀመጥኩልሽ» አለ።

ከዞኮሎው ጀመርኩ፤ በአባቴ ልክ፣ በአንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ። ከዚያ ወደ መቃኖቹ ሄድኩ። ደስ እያለኝ ቀባሁ ብል ውሸት ነው። ያ የለፋሁበት ንጹሕ ነጭ በእያንዳንዱ የብሩሽ ምት ሲዋጥ ብሩሹን እያወረድኩ ቆም እል ነበር። ይባስ ብሎ ቡናማው ያዘ። አልፋቅኩትም፣ አላጠብኩትም፣ አልለመንኩትም፤ ነጩ ያን ሁሉ ሳምንት ያስለቀሰኝን እሱ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጠዋት ቁጭ አለ።

አባቴ ሳሎኑ ማዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሬዲዮኑን አልከፈተም። የመጨረሻውን፣ የውጭውን በር መቃን ስጨርስ በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ትከሻዬን አሸሁ።

«አለቀ» አልኩት።

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ።

«ከላይ፣ በግራ በኩል ዘለሻል» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ስንዝር የምታህል ነጭ ቀርታ ነበር።